የሁለት ሰው ስለት

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ዝናቡ ገና ጨርሶ አልወጣም ነበርና አንድ ተማሪዬ ውሃ የጠጣ ባና ተከናንቦ ክፍል ገባ። መስኮቱ ሥር ተቀመጠ፤ ክፍሉ ወዲያው በእርጥብ ሱፍ ሽታ ተሞላ። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ሽታ ብርቅ አይደለም፤ ከብርዱ ጋር አብሮ የሚኖር ነው። እኔ ግን ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሰሌዳው ላይ «አንደኛ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ «ሁለተኛ» ለማለት ጊዜ ወሰደብኝ።

ነገርን በተራ በተራ የማስረዳት አመሌን ተማሪዎቼ ያውቁታል፤ ከኋላዬ እንደሚቀልዱበትም እኔ አውቃለሁ። አመሉን የወረስኩት ከአያቴ ነው። አያቴ አንኮበር፣ በሚካኤል ደብር፣ መሪጌታ ነበሩ፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ከየትኛውም ምንባብ ሦስት ነገር እንማራለን ይሉ ነበር። ሦስት ጣታቸውን ያነሣሉ፤ አንዱን ነገር አስረድተው ሲጨርሱ አንዱን ጣት ያጥፋሉ። ሦስተኛው ሲታጠፍ ትምህርቱ አለቀ ማለት ነው። ልጅ ሆኜ የዓለም ነገር ሁሉ በሦስት ጣት የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር።

አጎቴ ደምሴ ከኮርያ በተመለሰበት ዓመት ግን አንዲት ምንባብ ጣታቸው ላይ ቀረች። ስለዚያ ዓመት ነው የምጽፈው። በተራ ለማስቀመጥ እሞክራለሁ፤ ተራው ራሱ ቢበላሽ ግን ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ ሥራዬን ልናገር። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የአያቴ ዓይን ደክሞ ስለነበር ከሰዓት በኋላ መጽሐፍ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ ያላማራቸው ጎረቤቶች ነበሩ። አያቴ፣ «ዓይኔ ናት፤ ዓይንን ወንድ ነህ ሴት ብሎ የሚጠይቅ የለም» ብለው አፋቸውን አስያዟቸው። መጽሐፉ ከደብሩ የተዋሱት፣ በአንድ ወገን ግዕዙ በሌላው ወገን አማርኛው የታተመበት ትልቅ መጽሐፍ ነው። ግዕዙን በቃላቸው ያውቁታል፤ እኔ አማርኛውን አነባለሁ። ስሳሳት በጭራቸው እጀታ ጉልበቴን ቸብ ያደርጉኛል። የምንቀመጠው ደጃችን ካለው መደብ ላይ ነበር። ጉም ካልመጣ ከዚያ ሆኖ ገደሉ ሥር አሊዩ አምባ፣ ከአሊዩ አምባ ወዲያም ማለቂያ የሌለው ቆላ ይታያል። ጉም ከመጣ ግን የበሩ መቃን እንኳ በደንብ አይታይም።

ጋሼ ደምሴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል መጣ። እኔ የጠበቅኩት ሌላ ሰው ነበር፤ ዘማች ሲመለስ እየፎከረ፣ መሬቱን እየረገጠ ይገባል ብለውኝ ነበር። እሱ በበሩ ጎንበስ ብሎ ገባና ደህና ናችሁ ብሎ ተቀመጠ፤ ሳር ሊያጭድ ወጥቶ የተመለሰ ይመስል ነበር። የለበሰው ረጅም የወታደር ካፖርት ጉም ጠጥቶ ከበግ ይልቅ ይሸታል። ኮርያ የት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ከባሕር ማዶ ነው፣ በመርከብ ብዙ ቀን ተሂዶ ነው አለኝ። ይበርዳል ወይ አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «የእኛ ውርጭ ጠዋት መጥቶ ጠዋት የሚሄድ እንግዳ ነው፤ የዚያኛው ባለአገር ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ኮርያ ሌላ ነገር አላወራንም።

ከገባ ጥቂት ቀን ቆይቶ ከጎረቤላ ገበያ አንድ ነጭ በግ ገዝቶ መጣ። የሚካኤል ስለት ነው አለ። ስለት እንዲህ ነው፦ ሰው ጭንቅ ላይ ሲሆን፣ ይህን ብታደርግልኝ ይህን አገባልሃለሁ ብሎ ለታቦቱ ቃል ይገባል፤ የለመነው ሲደርስለት የተሳለውን ያስገባል። ለስለት የተባለ በግ አይሸጥም፣ በሌላ አይለወጥም፣ በዱላም አይነካም። ህዳር ሚካኤል እስኪደርስ እቤታችን ጋጥ ውስጥ እንዲቆይ ሆነ። ጎረቤቶች እየመጡ እንኳን ስለትህ ሰመረ ይሉታል፤ እሱ አሜን ይልና ዓይኑን ይሰብራል።

እናቴን ሌላ ነገር አሳሰባት። ጋሼ ደምሴ ከመጣ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር አልዘለቀም፤ ከውጭ በር ተሳልሞ ይመለሳል። ደግሞም አብሮት የዘመተ ተፈራ የሚባል ጓደኛው እዚያው ኮርያ ሞቶ ቀርቷል። የተፈራ እናት እማማ ወርቄ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት። መርዶው ተነግሯቸው፣ ተዝካሩንም አውጥተዋል። እናቴ በየጊዜው፣ ሄደህ አልቅስ እንጂ፣ ምን ይሉሃል ትለዋለች። እሺ ይላል፤ አይሄድም። አንድ ቀን እናቴ ተናዳ፣ «ከሰው ይልቅ ከበግ ጋር ማውራት ለምደሃል» አለችው። እውነቷን ነበር፤ ጋጡ ውስጥ ገብቶ ብዙ ይቆይ ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ፣ ከንጉሥ ሳኦል ታሪክ ደረስን። ጋሼ ደምሴ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጦ በጩቤ እንጨት ይልጣል። እኔ አነበብኩ። እግዚአብሔር በነቢዩ በሳሙኤል አፍ ሳኦልን ሄደህ አማሌቅን ምታ አለው፤ ማንንም አትማር። ከዚያ ማን ማን እንደማይማር ይዘረዝራል፤ ወንዱ፣ ሴቱ፣ ልጁ፣ ጡት የሚጠባው፣ በሬው፣ በጉ፣ ግመሉ፣ አህያው። ጡት የሚጠባው ላይ ስደርስ የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ አነበብኩት። የአያቴ ጭራ ጉልበቴን አልነካኝም። ስለዚህ ትክክል ነበር ማለት ነው።

ሳኦል ሄዶ መታ፤ ግን የአማሌቅን ንጉሥ ማረከ እንጂ አልገደለም፤ ከበጎቹም ከከብቶቹም የሰቡትን አስቀረ። ሳሙኤል ሲመጣ ሳኦል ትእዛዙን ፈጽሜአለሁ አለ። ሳሙኤልም፣ ታዲያ ይህ የምሰማው የበጎች ጩኸት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀው። ሳኦል ለመሥዋዕት ያስቀረናቸው ናቸው ቢል አልተሰማም። መንግሥቱ ተወሰደበት።

ጋሼ ደምሴ መላጡን ተወ። «ሳኦል ምን አጠፋ?» አለ።

አያቴ ደስ አላቸው፤ ልጃቸው ከተመለሰ ወዲህ ጥያቄ ሲጠይቃቸው የመጀመሪያው ነበር። ሦስት ጣታቸውን አነሡ። አንደኛ፣ ሰው ከሚያቀርበው መሥዋዕት ይልቅ የሚፈለግበት መታዘዝ ነው አሉ፤ አንድ ጣት ታጠፈ። ሁለተኛ፣ ሳኦል ያጠፋው የማይረባውን ነው፣ ያስቀረው የሰባውን ነው፤ ይህ ስስት እንጂ ምሕረት አይባልም አሉ፤ ሁለተኛው ታጠፈ። ሦስተኛ፣ አማሌቅ እውስጣችን ያለ ጠላት ነው፤ ቂም ነው፣ ትዕቢት ነው፤ ሕፃን ሳለ ካልገደሉት አድጎ ይገድላል አሉ።

ጣቱን ከማጠፋቸው በፊት ጋሼ ደምሴ፣ «ሕፃኑ ኃጢአት ነው ማለትዎ ነው?» አለ።

«አዎን ልጄ፤ ምሳሌ ነው።»

«እነዚያ ወታደሮች ምሳሌ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

ሦስተኛው ጣታቸው እንደቆመ ቀረ። ጋሼ ደምሴ ልጣጩን ከጉልበቱ አራግፎ፣ በጉን ላጠጣ ብሎ ተነሣ።

አሁን ደግሞ እኔ ምን እንደገባኝ ላስረዳ። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ግመል አንኮበር አይወጣም፤ ገደሉ አይመቸውም። ከቆላ ጨው ጭኖ እስከ አሊዩ አምባ ይመጣና እዚያ ያራግፋል። ስለዚህ አማሌቅ የግመል አገር ከሆነ፣ ያለጥርጥር ገደሉ ሥር የሚታየኝ አገር ነው አልኩ። አሊዩ አምባ ገበያ ከእናቴ ጋር ስወርድ ጨው የምትሸጥልን ሴት ነበረች። ልጇን እንዳዘለች ትመዝናለች፤ ልጇ በእናቱ ትከሻ ላይ ምላሱን ያወጣብኛል፤ እኔም አወጣበታለሁ። ሳኦል ሲወርድ በእኛ ደጅ ማለፉ አይቀርም። ሲያልፍ ብነግረው፣ ያ ልጅ ምላስ ከማውጣት በቀር ያደረገው ነገር የለም ብዬ፣ እሱም ቢምረው፣ መንግሥቱ ይወሰድበታል፤ ባይምረው ደግሞ… እዚህ ላይ ስደርስ ሐሳቤ ይቆምብኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ አሊዩ አምባ በቦታዋ መኖሯን አያለሁ።

ሁለተኛው የበጉ ነገር ነው። ሳኦልን ያስያዘው የበግ ጩኸት ነው። ለመሥዋዕት ነው ቢልም አላዳነውም። ጋሼ ደምሴም ከጦርነት መጥቶ፣ በግ አምጥቶ፣ ለታቦት ነው እያለ ነው። ምን እንዳጠፋ አላውቅም፤ ፊቱ ግን ያጠፋ ሰው ፊት ነበር። በጉ ከጮኸ አንድ ሰው መጥቶ ይህ የምን ድምፅ ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ ነገሩ ያበቃል።

በግ ብቻውን ሲታሰር የባሰ እንደሚጮኽ ያሳደገ ያውቃል። ከጓዳ ጨው እየሰረቅኩ አስልሰው ጀመር። ሲልስ ዝም ይላል፤ ሲጨርስ ከበፊቱ አብልጦ ይጮኻል። ስለዚህ የእናቴን አሮጌ መቀነት ወስጄ፣ አያቴ እቤት ሲሆኑና እንግዳ ሲመጣ፣ አፉን አስርለት ጀመር። በጉ በፈራ ቁጥር የሚወጣው የሱፉ እርጥብ ሽታ እጄ ላይ ይቀራል፤ ታጥቤም አይለቅም። አፉ ታስሮ ስለሚውል በደንብ አይበላም ነበር። ይህንን አላስተዋልኩም። እናቴ በጉ ምን ነካው ትላለች፤ እኔ እንጃ እላለሁ።

የህዳር መጀመሪያ ላይ አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት በበቅሎ ሆነው ከጉሙ ውስጥ ወጡ። እማማ ወርቄ ነበሩ። መንገድ ላይ ከዘመድ ዘንድ አድረው ነው የመጡት። እንደወረዱ እናቴ አቅፋቸው አለቀሰች፤ እሳቸው ግን የሚያለቅሱትን ያህል አልቅሰው የጨረሱ ነበሩ። እኔ ወደ ጋጡ ሮጬ መቀነቱን አሰርኩ። ሳሙኤል ሴት ሊሆን እንደሚችል ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው።

ወደ ቤት ስመለስ ተቀምጠዋል። አያቴ መደባቸው ላይ ናቸው። ጋሼ ደምሴ ምሰሶውን ተደግፎ ቆሟል።

«ቁጭ በል እንጂ» አሉት እማማ ወርቄ። «ትመጣለህ ብዬ ጠበቅኩ። ስትቀር እኔ መጣሁ። ልጄ እንዴት እንደሞተ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለኝም።»

ጋሼ ደምሴ አፉን ከፈተና ዘጋ። ይኼኔ በጉ መቀነቱን አራግፎ ጮኸ፤ በረጅሙ።

እማማ ወርቄ ቀና አሉ። «ይሄ የሚጮኸው በግ የምንድን ነው?»

እሳቸው ምንባቡን አልሰሙም። እኛ ሰምተናል። የአያቴ ጭራ አየር ላይ ቆመ። እናቴ አያቴን አየች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጋሼ ደምሴ ከምሰሶው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። «የስለት ነው እማማ» አለ።

«የማን ስለት?»

«የሁለታችን። የተፈራና የእኔ። ሁለታችንንም በሰላም ለአገራችን ካበቃኸን ባንድ ላይ አንድ በግ እናገባለን ብለን ለሚካኤል ተሳልን። አሁን የበቃነው አንዳችን ነን። ይገባው አይገባው፣ እኔ አላውቅም።»

የቀረውን በጣም ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። አንድ ኮረብታ ላይ፣ በረዶ ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ፣ ከጠላት ወገን የሆነ ልጅ አገኙ። መሣሪያ የለውም፤ ጫማም የለውም፤ የያዘው የውሃ ኮዳ ነው። የታዘዙት የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ እንዲመቱ ነበር። ጋሼ ደምሴ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ ሂድ በሚል እጁን አወዛወዘለት። ለአለቃቸው አልተናገሩም። በማግስቱ የጠላት የመድፍ ጥይት ልክ እነሱ ካሉበት ላይ ወደቀ፤ ተፈራ እዚያው ሞተ። ልጁ ሄዶ ነግሮባቸው ይሁን፣ እንዲያው የመጣ ይሁን፣ ሊያውቅ አልቻለም።

የአያቴን እጅ አየሁ። ጉልበታቸው ላይ ነበር። ይነሣል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተነሣም።

«ተፈራ ልጁን አይቶታል?» አሉ እማማ ወርቄ።

«ተወው ያለኝ እሱ ነው። እኔ ልተኩስ ነበር።»

ለካ ሳይሄድ የቀረው ይህን ላለመንገር ነበር። ይህን ግን ያን ቀን አላወቅኩም፤ ያን ቀን ያወቅኩት እማማ ወርቄ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን መሸፈናቸውን ነው። ከነጠላው ሥር፣ «ዶሮ ሲታረድ ከግቢ የሚወጣ ልጅ ነበር» አሉ። እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ ከድምፃቸው መለየት አቃተኝ፤ አሁንም ሳስታውሰው አልለየውም።

ተነሡና ወደ ጋጡ ሄዱ፤ ሁላችንም ተከተልን። ገበያ ላይ ሰው እንደሚያደርገው የበጉን ወገብ ጨበጥ ጨበጥ አደረጉ። «ከስቷል» አሉ ለጋሼ ደምሴ፤ ቁጣ ነበረበት። «የሁለት ሰው ስለት እንዲህ ነው የሚቀርበው? ገብስ አብላው።» ከዚያ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን መቀነት አነሡ። «ደግሞ አፉን ያሰረው ማነው?»

ሁሉም እኔን አዩ። እንዳይሰማ ብዬ ነው አልኩ። ማን እንዳይሰማ አሉኝ። ሳሙኤል አልኳቸው። እናቴ ልትቆጣኝ እጇን ስታነሣ አያቴ ያዟት፤ ፊታቸውን ግን ከእኔ አዙረው ነበር።

እማማ ወርቄ እኛ ዘንድ እህል አልቀመሱም። እናቴ ለመነች፤ አይወርድልኝም አሉ። ጋሼ ደምሴ በቅሎዋን ሲይዝላቸው ትከሻውን ይዘው ወጡ፤ ይቅር ብያለሁ ግን አላሉም። አላልኩምም አላሉም። እኔ የሚሉትን ለመስማት አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ የተናገሩት ስለ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው።

በማግስቱ መጽሐፉን ስንገልጥ ያንን ምዕራፍ እንዳንመለስበት ፈርቼ ሁለት ቅጠል ባንድ ላይ ገለበጥኩ። ጭራው ጉልበቴ ላይ አረፈ። ግዕዙን በቃላቸው እንደሚያውቁት ረስቼ ነበር።

«አትዝለዪ» አሉ።

«አባባ፣ ሦስተኛውን አልጨረሱትም እኮ።»

«አልጨረስኩትም። እኔ ስላልጨረስኩት ግን ከመጽሐፉ አይወጣም። ከላይ ጀምረሽ አንብቢ።»

አነበብኩ። ጡት የሚጠባው ላይ ስደርስ ድምፄ ዝቅ አለ፤ ከፍ አድርጊው አላሉኝም። ሲያልቅ ጣታቸውን አላነሡም። ጉሙ ገደሉን ሞልቶት ስለነበር አሊዩ አምባ አልታየችኝም፤ ተነሥቼ እስኪገለጥ ጠበቅኩ።

ህዳር ሚካኤል ጠዋት ጋሼ ደምሴ በጉን አስከትሎ ወጣ። ገብስ ሲበላ ሰንብቶ ወገቡ ሞላ ብሏል። ከውጭው በር ሲደርሱ ግን በጉ አልገባም ብሎ አራት እግሩን ተከለ። ጋሼ ደምሴም እንደ ልማዱ እዚያው በር ላይ ቆመ፤ ገመዱን አይስብም፣ አይለቅም። ሰው እየተሳለመ በአጠገባቸው ያልፋል። እማማ ወርቄ ከሴቶቹ መሐል መጡ። መምጣታቸውን የነገረን አልነበረም። ምርኩዛቸውን አንሥተው በጉን ሊነኩበት ሲሉ የስለት በግ መሆኑ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ምርኩዙን ከግንቡ አስደግፈው በሁለት እጃቸው ከኋላው ይገፉት ጀመር። «ሳበው እንጂ» አሉት፤ «ብቻዬን ላስገባው ነው?» ጋሼ ደምሴ ሳበው። በጉ ገባ፤ እነሱም ከበጉ ጋር ገቡ።

በጉ ከዛፍ ሥር ታሰረ። እኔ በሴቶች በኩል ከእማማ ወርቄ ጎን ቆምኩ። በሩ ክፍት ስለነበር ጉሙ እስከ ውስጥ ይገባል፤ የሰው ሁሉ ባናና ጋቢ እርጥብ ሱፍ ይሸታል። ጋሼ ደምሴን ፈለግኩት። ጫማውን አውልቆ፣ በባዶ እግሩ ከወንዶቹ ኋላ ቆሟል።

ዲያቆኑ ሲያነብ፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ በጉ ከውጭ ጮኸ።

አያቴ መቋሚያቸውን እንደተደገፉ ቀና አሉ። ጋሼ ደምሴ አንገቱን ደፋ። እማማ ወርቄ እጄን ይዘውኝ ነበር፤ እጃቸው ጠበቀብኝ። አሁን አንድ ሰው ይህ የምን ድምፅ ነው ብሎ ይጠይቃል ብዬ ጠበቅኩ። የተፈቀደ ስለሆነ ይሁን፣ ሁሉም ስለሚያውቀው ይሁን፣ አላውቅም፤ ማንም አልጠየቀም።

በጉ ደግሞ ጮኸ። ዲያቆኑ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጎ ንባቡን ቀጠለ።